ለመገረሚያ ሁለት መቶ ብር

አዳማ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለኮከብ፣

ኮከቤ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ በጀትሽ ነው። ዘንድሮ ለገና ባዛር በጻፍሽው በጀት ውስጥ ስህተት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አትቆጪ። ከዓለም ጤና ከተማ ወደ መጋዘናችሁ የሚመጣውን ሽንኩርት ሦስት ዓመት ሙሉ ስትመዘግቢ አንድ ኩንታል እንኳን ተሳስተሽ አታውቂም። ለዚህም ነው የገረመኝ።

ወረቀቱን ያገኘነው ከትናንት ወዲያ፣ የአርባሽ ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ከሄደ በኋላ አክስታችን የሺዓለም ልብሶችሽን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ሲያጣጥፉ ከሰማያዊው ሹራብሽ ኪስ ወደቀ። ሁለት ባለ ሁለት መቶ ብሮች በመርፌ ቁልፍ ተያይዘውበታል። ጽሑፍሽ ትንሽ ተንጋዷል እንጂ ያው ያንቺ ነው፦

የ2018 ገና ባዛር
መግቢያ፣ 1 ሰው — 50
ባጃጅ ደርሶ መልስ — 60
ሳምቡሳ — 40
ቄጠማ — 50
ለመገረሚያ — 200
ድምር — 400

ስህተት ያልኩት የመጀመሪያውን መስመር ነው። በየዓመቱ "2 ሰው" ነበር የምትጽፊው። ለመገረሚያም ከመቶ ብር አልፈሽ አታውቂም።

አክስታችን ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና "ይሄ መገረሚያ የሚሉት ደግሞ ምንድነው?" አሉ። ልመልስላቸው ስል አለቀሱ፤ ተውኩት።

የዚያን ዕለት ማታ ስለ እኔ ተነጋገርን። "እናትህ የለች፣ አባትህ የለ፣ አሁን ደግሞ እሷ" አሉኝ። "የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን ቤት ይዞ አይኖርም። እኛ ጋ አቦምሳም ትምህርት ቤት አለ። ከልጆቼ ጋር ትሆናለህ።"

"እዚሁ ልጨርስ አክስቴ። ሁለት ዓመት እኮ ነው የቀረኝ።"

"ብሩን አይደለም የምፈራው። ኮከብ ያስቀመጠችው ይበቃሃል። የምፈራው አንተን ነው። እስቲ ንገረኝ፣ በወር ስንት ብር ያስፈልግሃል?"

ኮከቤ፣ አላውቅማ! ዘይት ስንት እንደሆነ፣ ለመብራት በወር ስንት እንደምትከፍዪ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።

ትናንት ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "የገና ዕለት ጠዋት ደውለህ የወር ወጪህን ከነዝርዝሩ ትነግረኛለህ። ካላወቅኸው ሐሙስ መጥቼ እወስድሃለሁ። ከዚያ በኋላ ልመና የለም" አሉኝ። ቀጥለውም "ደግሞ ቄጠማ ምናምን እንዳታመጣ። ሐዘን ቤት አይጎዘጎዝም" አሉ።

እሺ ብያቸው ነበር። ግን በጀቱ ባንቺ እጅ ነው የተጻፈው። አንዴ የተመደበ ብር ለሌላ ነገር አይውልም ብለሽ ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ ባዛሩ ሄድኩ። ባጃጁ ሠላሳ ብር ወሰደ።

በሩ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ትኬት ቆራጯን "ሁለት" አልኳት። ሁልጊዜ ከኋላዬ ቆመሽ "ሁለት በላት" ስለምትይኝ ምላሴ ለምዶታል። ልጅቷ ሁለት ቆርጣ ሰጠችኝና "ሌላው ሰው የታለ?" አለችኝ።

ዞር አልኩ። የማላውቀው ሰው ቆሟል።

"አንዱን መልሺልኝ።"

"የተቆረጠ አይመለስም ወንድሜ" ካለች በኋላ የተላጨውን ራሴን አየችው። "ውይ... አለቃዬን ልጠይቅልህ?"

"ተዪው" አልኳትና መቶ ብር ከፍዬ ከሰልፉ ወጣሁ። በጀትሽ በር ላይ ተበላሸ ብዬ ተናደድኩ።

ኦቦ መርዳሳን ታስታውሻቸዋለሽ፣ ከደራ ከተማ እየመጡ በሩ አጠገብ ቄጠማ የሚሸጡትን ሰውዬ? ዘንድሮም እዚያው ናቸው። ከሩቅ አይተውኝ "አካም ጂርታ!" ብለው ሰላም አሉኝ። "ያቺ ጨቅጫቃስ? ዘንድሮ ዋጋዬን ሳትሰብር ልትቀር ነው?" ስቀርባቸው ጥቁር ሸሚዜን አዩ። ቄጠማ የያዘው እጃቸው ባለበት ቀረ።

"ያ ዋቃ!" አሉ ቀስ ብለው። "ያቺ ልጅ?"

"አዎ። ኅዳር 18።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ትርፏን ትኬት አውጥቼ "ኦቦ መርዳሳ፣ ገብተው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ለማየት ሃምሳ ብር ልከፍል? እኔ ዓይኔን በነፃ ነው ያገኘሁት።"

"ዘንድሮ ተከፍሏል።"

አጠገባቸው ጤና አዳም የምትሸጥ ዲንቄ የምትባል ሴት ነበረች። "ይግቡ እንጂ ኦቦ! ቄጠማዎን እኔ እጠብቃለሁ። ብቻ ሚስት ይዘው እንዳይወጡ!" አለች።

"አንቺን ሲያይ የዋለ ሰው ሚስት አያምረውም" አሏትና ሱሪያቸውን አራግፈው ተነሡ።

እንደ ደንባችን ሦስት ዙር አልኳቸው። አንደኛ ዙር ለዓይን፣ ሁለተኛ ዙር ለአፍ፣ ሦስተኛ ዙር ለእጅ። በመጀመሪያው ምንም አይነካም፣ በሁለተኛው ዋጋ ይጠየቃል፣ በሦስተኛው ይገዛል። "ብልህ ናት" አሉ ስላንቺ። "ናት" ነው ያሉት።

ኮከቤ፣ ዘንድሮ ባዛሩ ሌላ ነው። መሐሉ ላይ በመብራት ብቻ የተሠራ፣ ሦስት ፎቅ የሚያህል ዛፍ አቁመዋል። ገና ሳይመሽ ያበራል። ኦቦ መርዳሳ ሥሩን ፈልገው ዞሩት። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ሽንኩርት የሚከትፍ ማሽን ታሳያለች፤ "ሳያስለቅስ ይከትፋል!" እያለች በድምፅ ማጉያ ትጮኻለች። ኦቦ መርዳሳ ቆመው አሰቡና "ሳያስለቅስ? ታዲያ ሴቶቹ የባላቸውን ነገር በምን አሳበው ያልቅሱ?" አሏት። ልጅቷ ማጉያውን እንደያዘች ሳቀች፤ ሳቋ ባዛሩን ሞላው። እኔም ሳቅሁ። ከኅዳር 18 ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

ሁለተኛው ዙር ግን ከበደኝ። ጫማ ሻጩን "ስንት ነው?" ስለው "ሁለት ሺህ ስምንት መቶ" አለ። ቀና ብሎ አየኝና "ላንተ በሁለት ሺህ ውሰደው። እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ። ቀበቶ ሻጩም እንደዚያው። ማንም አልተከራከረኝም። አርባ ቀን ሙሉ የሚከራከረኝ ሰው የለም፤ ኳስ ስንጫወት እንኳን ሚሊዮን ጊዜ ሸርተቴ የሚገቡብኝ ልጆች አሁን ይለቁልኛል። ጎል አግብቼ ብቻዬን እቆማለሁ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ከመብራቱ ዛፍ ኋላ ትልቅ ነጭ ድንኳን አየን። "የበረዶ ቤት፣ አምስት ደቂቃ፣ መቶ ብር" ይላል። አነበብኩላቸው።

"በረዶ?" አሉ ኦቦ መርዳሳ። "ጤፌን የበላውን ነገር በብር ያዘንባሉ?"

ልተወው ነበር። ግን ለመገረሚያ የጻፍሽው ሁለት መቶ ነው። ሁለት ሰው ሁለት መቶ። ከፈልኩ።

መጋረጃውን አልፈን ስንገባ መጀመሪያ ብርዱ መጣ። የአዳማ ፀሐይና አቧራ መጋረጃው ላይ ቀረ። ውስጡ ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ከላይ አንዲት ነጭ ነገር ወረደች። ሌላ ተከተላት። ወዲያው አየሩ ሁሉ ሞላ። እንደ ዝናብ አይወርድም፣ እንደሚያስብ ሰው እያመነታ ነው። ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከፍ ይላል፣ ይመለሳል። እኛ የምናውቀው በረዶ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ሰው ለሰው አይሰማማም። ይሄ ድምፅ የለውም። ውስጥ ያሉት ሕፃናት ሁሉ፣ ውጭ ሲጮኹ የነበሩት፣ ዝም ብለዋል። ምንም ድምፅ የለም። አንዷ የተላጨው ራሴ ላይ ስታርፍ ተሰማኝ።

የሳሙና ሽታ አለው። ከማሽን እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ቱቦውን አይቼዋለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልቀነሰብኝም። ሃያ ብር ከፍለን በመነጽር ጨረቃን ያየን ዓመት "ድንጋይ ናት እኮ" ስልሽ "ድንጋይ መሆኗ አይደል የሚገርመው?" ያልሽኝ አሁን ገባኝ። ዐምና እዚሁ ባዛር ለመገረሚያ በመደብሽው ብር እነዚያን ቀያይ ዓሣዎች ግማሽ ሰዓት ቆመሽ ስታዪ፣ በዚህ መቶ ብር ስንት ነገር ይገዛ ነበር ብዬ ተነጫንጬብሽ ነበር። "ሌላው ሁሉ ለሆድ ነው፣ ይሄ ለዓይን ነው። ዓይንም ይርበዋል" አልሽኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ኦቦ መርዳሳ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ጢማቸው ነጥቷል። "ሰባ ዓመቴ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "በረዶ ሳይቆጣ ሲወርድ ዛሬ ገና አየሁ።"

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለአንድ አፍታ፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። ከዚያ አምስቱ ደቂቃ አለቀ።

ሁለት የምስር ሳምቡሳ ገዝተን አንድ አንድ በላን፤ አርባ ብር። ውጭ ስንወጣ ዲንቄ "ሚስትስ?" አለች። ኦቦ መርዳሳ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። "በረዶ ነበረ" አሏት። ሌላ ሊያስረዷት አልቻሉም።

ከዚያ አንድ ትልቅ እስር ቄጠማ አንስተው አስታቀፉኝ። "ውሰድ። ለነፍሷ።"

"ስንት ነው?"

"ውሰድ አልኩህ እኮ።"

"አይ ኦቦ መርዳሳ" አልኩ። "ይከራከሩኝ። እባክዎ እንደ እሷ ይከራከሩኝ።"

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ቄጠማውን ነጥቀውኝ ጮኹ። "ሰማንያ ብር! ከወንዝ ዳር አጭጄ፣ አልቅት እግሬን እየበላው ያመጣሁት ነው!"

"ሰማንያ? ግማሹ ደርቋል! ሃያ!"

"ዓይንህ ነው የደረቀው! ስልሳ!"

"ሃያ አምስት! ይሄ ቄጠማ ነው ወይስ መጥረጊያ?"

"ዲንቄ፣ ሰማሽው? መጥረጊያ አለኝ! እንደ እህቱ ነው፣ አፉ ሰው ያደኸያል!" እያሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ሰው ከቦን ይስቃል። ኪሴ ውስጥ ሠላሳ ብር ብቻ እንደቀረች እኔ ነኝ የማውቀው። በሠላሳ ተስማማን። ሰባ ካልሆነ እንዳትመጣ ብለው የከርሞውን ዋጋ ከአሁኑ ነገሩኝ።

ለባጃጅ የቀረ ስለሌለ ቄጠማውን ተሸክሜ በእግሬ ተመለስኩ። በየጋሪው ላይ ዶሮ ታቅፈው የሚሄዱ ሰዎች ያልፉኛል። መንገድ ላይ ሒሳቡን አሰብኩት። ሠላሳ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አርባ፣ ሠላሳ። አራት መቶ። አንዲት ሳንቲም አልተረፈም፣ አልጎደለም።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን እንደገና አየሁት። ጥግ ላይ ቀኑ አለ፣ ኅዳር 9። ያን ቀን ሐኪም ቤት ስጠይቅሽ "ለገና አብረን ነን ሚኪ፣ አንተ ብቻ አጥና" ብለሽኝ ነበር። ሹራቡን የዚያን ዕለት ነው ቤት ውሰደው ብለሽ የሰጠሽኝ።

በጀቱ ስህተት የለበትም ኮከቤ።

እግዚአብሔር ያየሁትን ሁሉ በሚበልጥ ቦታ ያኑርሽ። እዚያ መግቢያ እንደማይከፈል ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከተከፈለም ተከራክረሽ እንደምታስቀንሺ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ነግሬሽ ላብቃ።

ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ነው። አልጋሽን አየሁት፤ ባዶ ነው። ትንሽ ተኛሁ። ከዚያ ተነሥቼ ሱቅ ሄድኩና የዘይትን፣ የሽሮን፣ የዳቦን፣ የሳሙናን ዋጋ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። የመብራትና የውሃ ደረሰኞችሽን ከሣጥን አወጣሁ። የቀበሌ ኪራዩን አገኘሁት። ሁሉንም በደብተር ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ ደመርኩ። ደወልኩ።

አክስታችን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ "ለመገረሚያ፣ ሃያ ብር" ብዬ ጨረስኩ።

"በሃያ ብር ዘንድሮ ምን ይገርማል?" አሉ። "ሃምሳ አድርገው።" አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። "ሐሙስ አልመጣም።"

"አክስቴ፣ ቄጠማም ገዝቻለሁ። በበጀቱ ውስጥ ስለነበረ።"

"በበጀቱ ካለማ ምን ይደረግ" አሉ።

ቤቱን ጠረግሁ። ቄጠማውን ከአልጋሽ ሥር ጀምሬ እስከ በሩ ጎዘጎዝኩት። ከዚያ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ደጅ ትንሽ ቆየሁ። እንደገና ከፍቼ፣ ምንም ሳልነካ፣ ቀስ ብዬ ቤቱን ዞርኩት። አንደኛ ዙር፣ ለዓይን።

ወንድምሽ ሚኪያስ