አረንጓዴ አመድ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ከወንድምህ ቀብር ጀምሮ የያዘህ ሳል ተሻለህ ወይ? ሚስትህና ሕፃኗስ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ እህል እቀምሳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያንም እሳለማለሁ። ደብረ ታቦር ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል። ይህን የምጽፍልህ፣ በስልክ የወንድምህን የየሺዋስን ስም ባነሣሁ ቁጥር ኔትወርኩ ስለሚጠፋብህ ነው። ወረቀት አይቋረጥም። እጄ ዝግ ስለሚል ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ባለፈው ስትደውል፣ የሺዋስ እዚህ እኔ ዘንድ ያስቀመጠውን የከሰል ጆንያ በሚኒባስ ላኪልኝ አልኸኝ። ሥራውን ሊያዩ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ላሳያቸው አልህ። ስለ ከሰሉ ስታወራ ኔትወርኩ አልጠፋም።

ያንን ቆረቆንዳ ያከሰልሁት እኔ ነኝ። በቆሎው የተፈለፈለበትን ከእብናት እያስመጣሁ፣ ጉድጓድ ውስጥ አቃጥዬ፣ አየር እንዳያገኝ በአፈር እየደፈንሁ። እሱ ሰባብሮ በበርሜል ይሞላውና ከአንበሳሜ ወዲያ ያለውን የቆዳ ፋብሪካችሁን ፍሳሽ ያሳልፍበት ነበር። ለቆዳው ክሮም የሚባል መድኃኒት እንደምታደርጉ፣ ቆዳው ያልጠጣው ወደ ወንዝ እንደሚወርድ፣ ዋጋውም ውድ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። ከሰልሽ ክሮሙን ላዩ ላይ አጣብቆ ያስቀረዋል፣ ኋላ በአሲድ ሲያጥቡት ይለቀዋል፣ ተመልሶም ለቆዳ ይሆናል ይለኝ ነበር። አንተ በፋሲካ እዚሁ ቤት ተቀምጠህ "ከሰል ሻጩ" እያልህ ሰው አሳቅህበት። እሱም አብሮ ሳቀና "ግድ የለም፣ አንድ ቀን ከሰሌን ትለምነኛለህ" አለህ። ይኸው ለመንህ።

ፍሳሹ ያለፈበት የጆንያው ከሰል ግን የለም። በለቅሶው ሰሞን የእድሩ ሴቶች ንፍሮ ሲቀቅሉ እንጨት አለቀባቸው። ጓዳ ገብተው ከሰል አገኙና ማገዱት። ማን ይንገራቸው? እኔ እንደሆነ ፊቴን ሸፍኜ ተቀምጫለሁ። በማግስቱ ጎረቤታችን ፈንታነሽ ምድጃውን ልትጠርግ ሄዳ እያማተበች ተመለሰች። "እትዬ፣ አመዱ እኮ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል" አለችኝ። አንዷ ምልክት ነው አለች፤ ሌላዋ ቄስ ይጠራ አለች። እኔ ግን ሳየው አወቅሁት። ከሰሉ ከፍሳሹ ያስቀረው ክሮም ነው፤ እሳትም አላጠፋውም። እስከ መጨረሻው ጠርጌ በእንስራ አስቀመጥሁት። አሲዱ ከሰሉን ያስለቅቀዋል አሉ። እኔን ግን የያዝሁትን የሚያስለቅቀኝ አላገኘሁም።

ሬሳውን ስታመጣው የነገርኸኝን አልረሳሁም። "ናሙና ልቅዳ ብሎ ፍሳሽ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻውን ገባ፣ ማንንም አላማከረም፣ እኔ ቢሮ ነበርሁ፣ ስደርስ የጉድጓዱ አየር ገድሎት ነበር" አልኸኝ። ለቀስተኛውም በገዛ ችኮላው ሞተ እያለ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሊገንዙት ሲሉ ለሥራው የሰጠሁት ፎጣዬ አንገቱ ላይ ነበር። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖበት ኖሮ ወደ ታች ወርዷል። ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ጣቴ እምቢ ቢለኝ በጥርሴ። ከማጅራቱ ላይ ነበር፤ የአህያ ጭነት የሚታሰርበት ቋጠሮ። አባታችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን አስተሳሰር ለሁለታችሁም ሊያሳዩ ደክመው ነበር። የሺዋስ ግራኝ ነውና እጁ አልታዘዝ አለው። ካደገም በኋላ ገበያ ስንወርድ የእሱን ጭነት የምታስርለት አንተ ነበርህ። ዞር በል ትለዋለህ፣ ይዞርልሃል፣ ጠበቅ አድርገህ ታስርለታለህ።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴም።

አመዱን ከፈለግህ አለ። በሚኒባስ ግን አልልክም። ለሙት ዓመቱ ራስህ ና። የእንስራውን አፍ በዚያው ፎጣ ሸፍኜዋለሁ። እንደነበረው ላስረው ሞክሬ አልሆነልኝም። መጥተህ አንተ እሰርልኝ፤ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ እጅህን ልየው።

እስከዚያው ልጅህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፤ እኔ የቀበርሁትን አያስቀብርህ። ሳልህንም ያርቅልህ። ሐኪም ዘንድ ከሄድህ፣ የት እንደያዘህ ሲጠይቅህ ለእሱ እንኳ እውነቱን ንገረው።

የሁለታችሁ እናት