ሚዛን ላይ ያልተገኘው መድኃኒት

ለተከበሩ የመድኃኒት ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ (ሙዲር)፣
ካርቱም

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሚወስዱት መድኃኒት ካለ በቢሮዎ በኩል ያላለፈ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በዓረብኛ የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ አራተኛውን በእናቴ ቋንቋ ጽፌዋለሁ፤ ለእርስዎ ልዩነት የለውም።

አንደኛ፣ እህቴ ሙሚና እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ረመዳን እንደወጣ ካላክላ ሰፈር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። አዋላጇ በቀለች ማሕፀን አኮማትሮ ደም የሚያቆመውን ኦክሲቶሲን ሁለት ጊዜ ወጋቻት። «ውሃ የወጋኋት ያህል ነው» ብላኛለች። ሙሚና ከቀትር በፊት አረፈች። ይህ መርፌ ገበያ እንዲገባ ስለፈቀዱልን ቤተሰባችን ያመሰግናል።

ሁለተኛ፣ እኔ ከጦርነቱ በተረፈ አንድ ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። መሣሪያው ሞለኪውሎችን የኤሌክትሪክ ሙል ሰጥቶ የእያንዳንዱን ክብደት ይለያል። ኦክሲቶሲን ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ ሲሆን ሞለኪውላዊ ክብደቱ አንድ ሺህ ሰባት ነው። በቀለች ከዚያው ካርቶን ሁለት ያልተከፈቱ ብልቃጦች ሰጠችኝና መረመርኳቸው፤ በዚያ ክብደት ምንም አልተገኘም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከእኛ ዘንድ ያለውን ትክክለኛ ኦክሲቶሲን ባስገባ ወዲያው አንድ ሺህ ሰባት አለኝ። የእህቴን አራት ጊዜ ደገምኩት፤ መሣሪያው እንዲሳሳት መለመኔን አልደብቅዎትም። ያገኘሁት የጨው ውሃ ነው።

ሦስተኛ፣ ውጤቱን ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» እያለ አራት ወር ሙሉ ለነገ ቀጠረኝ። በመጨረሻ የላቦራቶሪያችን ፈቃድ በጦርነቱ ጊዜ ስላልታደሰ ውጤቱ ዋጋ እንደሌለው ነገረኝ። ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎት፤ ፈቃድ የሌለው እውነት በከተማችን ሲዘዋወር አደጋ ነው።

ካርቶኑ ይሰበሰባል ብዬ ተስፋ ማድረግ ትቻለሁ። የምጽፈው የሙሚና ልጅ ሰልሰቢል አድጋ ስትጠይቀኝ፣ ነግሬያቸው ነበር እንድላት ብቻ ነው።

እጅ ነሥቼ፣ ከወንበርዎ የሚያነሳዎ ጉዳይ እንዳይገጥምዎ እየተመኘሁ፣
ፋሪሃ ኢሳ፣ ከአል-ሳሃፋ

ማስታወሻ፦ ጎረቤቴ ስንቅነሽ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች፤ ክሊኒኩም ከዚያው መርፌ በቀር ሌላ የለውም። ሁሉንም ስነግራት «ታዲያ የት ልሂድ?» አለችኝ። የቢሮዎን አድራሻ ሰጥቻታለሁ።