የማይበራው ካፖርት

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን
ከአክስቴ ስፌት ቤት፣ ከኋላው ክፍል

ለምትናፍቂኝ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አክስቴ ደህና ናት፤ ስትቆጣ ድምጿ እስከ ዳቦ ቤቱ ይሰማል። የትንሿ እህቴ የድብልብሌ ሁለተኛው የፊት ጥርስም ወለቀ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ስትበላ ግን ትረሳዋለች። እኔም ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ሁልጊዜ የምልሽ ይህንኑ ነው። አክስቴ የስልኩን ድምፅ ለቃ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠውና ሁሉም አፍ አፌን ሲያየኝ ሌላ ቃል አይመጣልኝም። ይህን ስለምታውቂ ነው ከዲስኩ ጋር በላክሽው ወረቀት ላይ "አንቺ በስልክ አትናገሪም፣ ጻፊልኝ" ያልሽኝ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ዳይሬክተሩ ሁለተኛ ፊልም ሊሠራ ነው፣ ሥራው ሌላ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ውሉን እስከ ወሩ መጨረሻ ፈርሚ ብሎሻል። "ልፈርም ወይስ ልምጣ? ትልቋ አንቺ ነሽ፣ ያልሽኝን አደርጋለሁ" ነው ያልሽው። መልሱን ልጽፍ ተቀምጬ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የሆነውን በተራ ልንገርሽ።

ዲስኩ ማክሰኞ ደረሰ። ሽፋኑ ላይ ተዋናይቷ ጥቁሩን ካፖርት ለብሳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከእግሯ ሥር "የዳይሬክተሩ ሙሉ ቅጂ" ይላል። አንቺ እንደነገርሽን፣ ሲኒማ ቤቶቹ ረዘመብን ብለው ያስቆረጡትን ሠላሳ አንድ ደቂቃ ዳይሬክተሩ መልሶ አስገብቶ ሰው በየቤቱ እንዲያየው ያወጣው ነው። ያንቺ ካፖርት ከሁሉ በላይ የሚታይበት ቦታም ከተቆረጠው ውስጥ እንደነበረ ጽፈሽልናል። "አሁን እጄን ታያላችሁ" ብለሻል።

አክስቴ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን ብላ ዲስኩን የልብስ ቁልፎች ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ አላስቻለኝም። ረቡዕ ክርና ገበር ልትገዛ ስትወጣ በሩ ላይ "መጣሁ" የሚል ወረቀት ለጥፌ፣ ዲስኩን ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ሱቅ ሄድኩ።

"ለብቻሽ ልታዪው?" አለኝ።

"ይሠራ እንደሆን ልሞክረው ነው" አልኩት። ይህ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው።

ፊልሙን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን እኔ እንዳየሁት ልንገርሽ። ከተማው ጨለማና ዝናብ ብቻ ነው። የሰዎቹ ልብስ እንደ ስሜታቸው ይበራል፤ የተናደደ ቀይ፣ የፈራ ሰማያዊ። ማንም ማንንም መዋሸት አይችልም። ልጅቷ ብቻ የማይበራ ካፖርት ታሰፋለች፣ ከዚያ ከተማው ሁሉ ያሳድዳታል። የኔ ቀሚስ እንደዚያ የሚበራ ቢሆን ኖሮ ጠጋኙ ያን ቀን አምፖል ባላስፈለገው ነበር።

ከዚያ ያ ተመልሶ የገባው ቦታ መጣ። አራት ደቂቃ ሙሉ ማንም አይናገርም። ልጅቷ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ትሄዳለች። ግራና ቀኝ የሚበሩ ሰዎች ቆመዋል፣ እሷ ብቻ ጥቁር ናት። ካፖርቱ ከኋላዋ ይከተላታል እንጂ አይጎተትም። እንዴት እንዳደረግሽው አውቄያለሁ፤ ለመጋረጃ እንደምታደርጊው ጠርዙ ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ሰፍተሽበታል። ቆንጆ ነው እማዬ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን እውነት ነው። ከዚያ በፊት ያየሁት ልብስ ሁሉ ጆንያ መሰለኝ።

እዚያ ላይ አጥፍቼ ብመጣ ጥሩ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ግን "እንዴት እንደተሠራ" የሚል ሌላ ክፍል አለው። ነካሁት።

አንቺ ነሽ። ተንበርክከሽ፣ ስፒሎቹን በከንፈርሽ ይዘሽ የካፖርቱን ጠርዝ ትለኪያለሽ። ተዋናይቷ ሣጥን ላይ ቆማ ፖም ትበላለች። በሌላው እጇ ትከሻሽን ይዛለች፣ እንዳትወድቅ። ያ እጅ ያረፈበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ቀሚሴን ስታሳጥሪልኝ እኔ የምይዘው እሱኑ ነው። ከዚያ ስፒሎቹን ሳታወጪ "ቀጥ በይ እንጂ፣ ቅንጣቴ" አልሻት።

እማዬ፣ ቅንጣቴ እኔ ነኝ። ደንበኛውን ሁሉ "ዓለሜ" "እናቴ" ትያለሽ፣ እሱ ቅር ብሎኝ አያውቅም፣ ሥራ ነው። ቅንጣቴ ግን ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። ለድብልብሌ እንኳ አልሰጠሻትም፣ ሌላ ስም ነው ያወጣሽላት። ተዋናይቷ ደግሞ የተጠራችበትን ነገር ምንነት እንኳ አልጠየቀችም፤ ፖሟን ገምጣ "እሺ" አለች። እሺ! እንደ ራሷ ስም።

ቀጥሎ ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው፣ ካፖርቱ መጀመሪያ ሲለበስ ምን እንደሆነ ጠየቀሽ። አንቺም ሳቅሽ። "ጠበባት! ልኳን ወስጄ፣ ጽፌ፣ ወረቀቱን ፊቴ ሰቅዬ፣ መቀሱን ስይዝ ግን እጄ የለመደውን ቆረጠ። ትከሻው የሌላ ሰው ትከሻ ሆኖ ወጣ" አልሽው።

"የማን?" ይልሻል ብዬ ጠበቅሁ። አፍሽ ሊከፈት ነበር፣ አይቼዋለሁ። እዚያ ላይ ቆረጡት። ከዚያ ዝናብ የሚያዘንበውን ማሽን ማሳየት ጀመሩ። የተቆረጠው ሁሉ ተመልሶ ገባ በተባለበት ዲስክ ላይ እኔን ቆረጡኝ።

ወደ ኮሪደሩ መለስኩት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ አቆምኩት። አለ! ከአዲሱ ስፌት ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ የድሮው ስፌት መስመር ይታያል። ተርትረሽ ያሰፋሽበት ነው። ሌላ ሰው አያየውም፣ እኔ ግን በቀን አሥር ሱሪ የምተረትር ሰው ነኝ። እጄን ወደ ኋላ አዙሬ ትከሻዬን በስንዝር ለካሁት፤ የድሮው መስመር የኔ ልክ ነው። ደስ አለኝ፤ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ግን ብዙ አልቆየም። የእማዬ እጅ እኔን ቆርጦ ነበር፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ለሷ ስትል ተረተረችኝ አልኩ። መልሼ አየሁት። ደግሞ መለስኩት።

"ልጄ" አለ ጠጋኙ፣ "ይቺን ቦታ ልትበሺያት ነው? አሥራ አንድ ጊዜ መለስሻት። ዝናቡ እንኳ ደከመው።"

ቅዳሜ ሲደርስ ለአክስቴ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ አይከፍትም አልኳት። አልጫርኩትም እማዬ። ጥፍሬን አሳርፌበት ነበር፣ ግን አልጫርኩትም። አክስቴ ደግሞ የተበላሸ ነገር ዝም ብላ የምትተው ሴት አይደለችም፤ እኔንና ድብልብሌን አስከትላ በቀጥታ ጠጋኙ ጋ ሄደች።

"ይሄ?" አለ ዲስኩን አገላብጦ። "ይሄማ ረቡዕ እዚሁ ሲሠራ ነው የዋለው! ልጅሽን ጠይቂያት፣ በቃሏ ታውቀዋለች።"

አክስቴ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንቺ ዝምተኛ! እኛ ጨዋ ናት እንላለን፣ አንቺ ለካ በዝምታሽ ውስጥ ውሸት ታበስያለሽ!"

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። አልተከፈተም፣ ስለዚህ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ አብሬያቸው አየሁ። ኮሪደሩ ጋ ስንደርስ አክስቴ ብድግ አለች። "እሰይ! እሰይ የኔ እህት! እዩት እንጂ አወራረዱን! አንተ ሰውዬ፣ ድምፁን ጨምረው!" ጠጋኙ እዚህ ላይ ድምፅ የለውም ቢላት "ቢሆንም ጨምረው" አለችው።

ስትለኪ የሚያሳየው ጋ ስንደርስ ድብልብሌ ወደ አክስቴ ተጠጋች። "እማዬ ለምን ተንበረከከችላት?"

"ሥራዋ ነዋ፣ የኔ ልጅ።"

"ለኛ ስትንበረከክም ሥራዋ ነበር?"

አክስቴ ጎተት አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

ስንመለስ መንገድ ላይ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። እንደ ሁልጊዜዋ አልጮኸችም። "ስሚኝ፤ ዛሬውኑ ጻፊላት፣ ትፈርም። ያ እጅ ተመልሶ መጥቶ ሱሪ ያሳጥራል እንዴ? እኔ ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ እንደዚያ ያለ ነገር አንድ ቀን አልወጣኝም። እዚህ ለሱ የሚመጥን ሥራ የለም። ስትጨርሺም 'እንደ መሰለሽ አድርጊ' በያት፤ ደህና አነጋገር ነው።"

"እሺ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ምክንያት ስፈልግ ነው የዋልኩት። አንቺን የሚያስመጣ ምክንያት። የታመመ ሰው የለም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ አክስቴ አሠራችው። ድብልብሌ ማንበብ ጀምራለች፣ ፊደሎቹንም አትገለብጥም። እኔም ኮሌታ ያለ ማንም እርዳታ እገጥማለሁ፤ ባለፈው ሳምንት የሠራሁትን አክስቴ የራሷ መስሏት ለደንበኛ ስታሞግሰው ሰማኋት። ሁሉም ነገር ያለ አንቺ ይሄዳል። ይህን ማወቄ ራሱ ያናድደኛል።

ስለ ተዋናይቷም አስቤያለሁ። ክፉ ነገር አላደረገችኝም፣ መኖሬንም አታውቅም። ምናልባት ጥሩ ልጅ ናት። ምናልባት የሷም እናት ሩቅ ናት፣ አንቺም አዝነሽላት ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ላዝንላት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። አሁንም ስጽፍ ያ እጅ ትከሻሽ ላይ ነው።

ለደብዳቤዬ መርዘም ይቅርታ አድርጊልኝ። አምላክ ዓይንሽን ከመርፌ፣ ጉልበትሽን ከብርድ ይጠብቅልን። ከሥራ ስትወጪ መንገዱ የቀና፣ የምታድሪበት ቤት የሞቀ ይሁንልሽ። ድብልብሌ እዚህ ጋ ሳሚልኝ ብላለች፤ ወረቀቱን ልሳመው ብላ ያረጠበችው ቦታ ይኸው ነው።

አክስቴ ጻፊ ያለችኝን አልጽፍም። ለእጅሽ የሚሆን ሥራ እዚህ የለም ማለቷ እውነት ነው፣ ኮሪደሩን አይቻለሁ፣ የለም። እኔ ግን አለሁ። ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

አትፈርሚ። ነይ።

ልጅሽ