መሰላሉን ይዘው የተቀመጡት አባቴ

አቃቂ ቃሊቲ ብዙ ጀግና አላት፤ እንደ አባቴ እንደ አቶ ጃለታ ዱሬሳ ፍርሃት የሚባል ነገር ጨርሶ የማያውቅ ሰው ግን አልበቀለባትም። ይህን የምጽፈው የመጨረሻ ልጃቸው ፌኔት ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ባላልፍም አባቴን ከእኔ በላይ የሚጽፋቸው የለም።

አቶ ጃለታ ከአባታቸው ከአቶ ዱሬሳ ኦላናና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰጋሽ ሮሪሳ በ1955 ዓ.ም. ቂሊንጦ ተወለዱ። የተወለዱበት ማሳ ላይ አሁን ፋብሪካ ቆሟል። እስከ አሥረኛ ክፍል አቃቂ ተምረው በ1975 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኝነት ተቀጠሩ፤ ቆይተውም የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ቴክኒሻን ሆኑ። በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ ያለምወርቅ ሰይፈሥላሴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት አንድ የብረት ምሰሶ ላይ ሽቦውን የሚሸከመው፣ ኃይል የማያሳልፈው የሸክላ ሲኒ ተሰነጠቀ። ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። አለቃቸው «ኃይሉ ተቋርጧል፤ ቶሎ ምሰሶው ላይ ውጡ» ብለው አዘዙ። የኃይል መሞከሪያውንና መስመሩን ከመሬት የሚያገናኘውን ሽቦ የጫነው መኪና ግን ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ቀርቷል። አባቴ ሳይሞከር ማንም አይወጣም ብለው የምሰሶውን መሰላል በሁለት እጃቸው ይዘው ቁጭ አሉ።

«ጃለታ፣ ፈርተህ ከሆነ ዞር በልና ሌላ ሰው ይውጣ!»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ። ሌላም አይወጣም።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ወረደባቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። መኪናው ደርሶ መሞከሪያው ወደ ሽቦው ሲጠጋ ጮኸ። መስመሩ ኃይል ነበረው፤ የተቋረጠው ሌላ መስመር ኖሯል። ቀበቷቸውን አጥብቀው ለመውጣት ተራ ይጠብቁ የነበሩት የሥራ ጓደኛቸው ጋሼ ሳህሌ ናቸው፤ ዛሬም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አባቴ ግን አልተመሰገኑም። ትእዛዝ አልተቀበሉም ተብለው ስድስት ወር ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ሲመለሱም ያው ናቸው፤ ሳይሞከር አይወጡም።

ቤትም እንደዚያው ነበሩ። አንዲት አምፖል ለመቀየር ቆጣሪውን ያጠፉና ማንም እንዳያበራው እኔን በሩ ላይ ዘብ ያቆሙኝ ነበር። የሰፈር ልጆች ስቀውብኛል፤ እኔም ስድቡን በእጥፍ መልሻለሁ።

አቶ ጃለታ በጉበት ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ። አልጋ ላይ ሆነው እንኳ «ቆጣሪው ጠፍቷል?» ይሉ ነበር። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል። ከፍታ ላይ የጠበቃቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ እናቴንም ያጽናልን።

ዛሬ ጠዋት ይህን ጽሑፍ እንዲያርሙልኝ ለጋሼ ሳህሌ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያውን መስመር ሰርዢ አሉኝ። እኔ ደግሞ የዋዛ ነኝ? «ጋሼ፣ የእሳቸው እኮ ጥንቃቄ እንጂ ፍርሃት አይደለም! ጀግና ናቸው!» ብዬ ተከራከርኳቸው።

ጋሼ ሳህሌ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ፈሪ ነበር በይ፣ ልጄ። ያልፈሩትንማ አባትሽ ነው የቀበራቸው።»