የዮሴፍ አንድ ጣት መሬት

ለዮሴፍ፣ ለማርታ አባት፤

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ልጽፍልህ ስቀመጥ በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ ብዬ አላመነታሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ጉልበትህ አገጭህን ሊነካ ምንም እስኪቀረው በሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ከልጅህ እኩል ፊደል የቆጠርከው በከንቱ አይደለም። ማርታ ስትቀድምህ ታኮርፍ ነበር። እንግዲህ ቀስ ብለህ አንብብ፣ የሚያጣድፍህ የለም።

ቤታችን እንዳለ ነው። ከተማችን ዩለስም አውሮፕላን በጣሪያዋ ላይ እንደተመላለሰባት ናት። እኔ እዚያው የተዋወቅንበት የአውሮፕላን ማረፊያ ወጥ ቤት ነኝ፤ አሁን ግን ትሪ ደርዳሪ ሳልሆን የፈረቃው ኃላፊ ነኝ። የቴክሳስ ፀሐይ ያደርቀዋል ብዬ የተከራከርኩህ የበረንዳው ቃሪያ ዘንድሮም አፍርቷል። ይኸው፣ ተረታሁ።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው፤ አገርህ ሄድን።

ነገሩ የመጣው ከወንድምህ ከፔትሩስ ነው። የመንደሩን መምህር በእንግሊዝኛ አስጽፎ ደብዳቤ ላከልኝ። አንተ ስለሞትክ፣ ወንድ ልጅም ስለሌለህ፣ የመሬት ድርሻህ ከሌሎች ጋር ሊቀላቀል ነው፤ መሬት የሚያከፋፍሉት የመንደሩ ሽማግሌ ከመወሰናቸው በፊት ግን እኛን በአካል ሊጠይቁን ይፈልጋሉ ይላል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምሳ ሰዓት ላይ በወረቀት ፎጣ ላይ እየሣልህ ያሳየኸኝ ያ መሬት ነው። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ማርታን ይዤ ተነሣሁ።

ኢንዶኔዥያ፣ ደሴትህ ፍሎሬስ ደርሰን፣ የእንጨት አግዳሚ በተገጠመለት የጭነት መኪና ስንናጥ ውለን፣ መንገዱ ካለቀበት ወረድን። አንተ «ከዚያ ትንሽ በእግር ነው» ያልከው ሦስት ሰዓት ነው። ስንገናኝ በዚህ እንነጋገራለን።

ከተራራው ጫፍ ሆነን የሩዝ ማሳውን ቁልቁል ስናየው ግን ድካሜ ጠፋ። እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ አለ፤ የየቤቱ ድርሻ ምሰሶው ላይ በጣት ውፍረት ይለካል፣ ከዚያ እየሰፋ እስከ ዳር ይወርዳል። የአንተ አንድ ጣት ነው። መርከብ ላይ ልትሠራ ከወጣህበት ቀን ጀምሮ ፔትሩስ አንድም ዓመት ጦም አላሳደረውም። ጴጥሮስ ብዬ ስጠራው አቤት ይላል፣ ጨዋ ሰው ነው።

ትምህርት ቤቱን «የዮሴፍ ጣሪያ» ነው የሚሉት፤ አንተ በላክኸው ቆርቆሮ ምክንያት። ዝናብ ሲጥል የመምህሩ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም። ልጆቹ ስምህን በፍቅር የሚያነሡት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ከጣሪያው ሥር ቆሜ ኮራሁብህ፤ ትሪ ስትደረድር ያየህ ሰው ይህን አያውቅም።

የሚያሳዝነውንም አልደብቅህም። የኤሌክትሪክ መብራት ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው፤ ጄኔሬተር ገብቶለታል። ጎረምሶቹ ለእርሻ ሥራ ወደ ማሌዥያ ይሄዳሉ፤ የፔትሩስ ሁለቱ ትልልቅ ልጆችም ሄደዋል። የቀሩት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እኛ ደቦ በምንለው ዓይነት፣ ከየቤቱ ሰው እየወጣ ከተራራው ውኃ የሚያወርድ ቦይ ቆፍረዋል። ዳገቱ ላይ ቅርንፉድ ተክለዋል። ፔትሩስ ቦዩን ሲያሳየኝ በዓመት ሁለቴ ማጨድ ከቻልን ልጆቼ ይመለሳሉ አለኝ። አመንኩት።

የውሳኔው ቀን ምሰሶው ዙሪያ ተሰበሰብን። ሽማግሌው እጃቸውን በአንተ ጣት ላይ አድርገው ትፈልጉታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ፤ መምህሩ ተረጎመልኝ። እኔ ይሉኝታዬን ይዤ ነው ውቅያኖስ የተሻገርኩት። «አይ፣ ግድ የለም፣ ለሚያርሱት ይሁን» አልኩ። ሁለተኛ ሲለምኑኝ ላቀረቅር፣ በሦስተኛው እሺ ልል ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን ከምሰሶው አነሡ።

ለምግብ ከሆነ አገርህም እንደኛው ነው፣ ሆድ እስኪፈነዳ ይለምናል። የመሬት ነገር ግን በምሰሶው ፊት አንዴ ብቻ ይጠየቃል። ነግረኸኝ ነበር፤ ረሳሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የአባትህን፣ የአንተን መሬት በአንዲት ቃል ጣልኩት። ፔትሩስ መሬት መሬቱን ያያል። ምን ብዬ ልመልሰው?

ልጅህ ቀና ብላ አየችኝ። «ማሚ፣ ለምን ኖ አልሽ? ማለቴ፣ ለዚህ አይደል እንዴ የመጣነው?» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም። ሄዳ አውራ ጣቷን ምሰሶው ላይ፣ የሽማግሌው እጅ የነበረበት ቦታ ላይ አደረገችና፣ ፀጉሯን ስታጥብላት ባስተማርካት በመንደርህ ቋንቋ ተናገረች። በኋላ እንደተረጎሙልኝ ያለችው «የአባቴ ነው፤ እፈልገዋለሁ» ነው።

ታስታውሳለህ፣ ፕሌኖ ከተማ አክስቴ ቤት ስንሄድ ብይ ሲሏት ወዲያው እሺ ስለምትል፣ ጨምሩልኝም ስለምትል «ዓይን አውጣ» ይሏት ነበር። እኔም በሷ ፈንታ አፍር ነበር። አንተ ደግሞ ትስቅብኝ ነበር። ያ ዓይን አውጣነት ነው ያን ቀን ያዳነን።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አውራ ጣቷን አዩ። ከዚያ፣ እስካሁን የተጠየቀችው በጋብቻ የመጣችው ናት፤ የቤቱ ልጅ ገና አልተጠየቀችም አሉ። ወደ ማርታ ዞረው እንደ ደንቡ አንዴ ጠየቋት። አፏን ሞልታ አዎ አለች። ከአውራ ጣቷ ግራና ቀኝ በቢላ ምልክት አደረጉ። ጣቷ ከአንተ ጣት ቀጭን ናት፤ ሽማግሌው ግን ታድጋለች ብለው ምልክቱን ሰፋ አደረጉላት። የዚያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

አንተም ላግባሽ ብለህ የጠየቅኸኝ አንዴ ነበር፣ የትሪው መደርደሪያ አጠገብ። «ተው እባክህ» አልኩህ፣ አንተም ተውክ። ሁለት ወር ጠብቄ፣ ሲብስብኝ ራሴ መጥቼ እንደገና አትጠይቅም ወይ አልኩህ። ከዚያ ወዲያ ተምሬያለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ አልተማርኩም። ልጅህ ግን ሳይነግሯት ታውቃለች። ከአንተ የወረሰችው ነው።

በዚህ ሳምንት ፔትሩስ ፎቶግራፍ ላከልን። የማርታ ጣት ከምሰሶው እስከ ዳር ድረስ ለምልሟል። ፍሪጁ ላይ፣ አንተ በጠማማ ፊደል «እወድሻለሁ» ብለህ ከጻፍክልኝ ወረቀት አጠገብ ለጠፍነው። ስምህ በዚህ ቤትም በዚያ ማሳም እንዳይጠፋ ቃሌ ነው።

ትናንት ማርታ ፎቶግራፉ ፊት ቆማ «ማሚ፣ ለአጨዳው ሄደን እንረዳቸዋለን?» አለችኝ።

አንዴ ነው የጠየቀችኝ። እሺ አልኳት።

ሚስትህ