ልጄን ያዋሰችኝ ሴት

መጣ! ልጁ መጣ! ከነሻንጣው፣ ከነፍራሹ፣ ከዚያ ካረጀ ብርድ ልብሱ ጋር ዛሬ ከምሳ በፊት በሬን በእግሩ ገፍቶ ገባ። "እማ፣ ሁለቱንም መዝጊያ ክፈቺው፣ ከባድ ነገር ይዣለሁ" አለኝ። ልክ ትናንት ከቤት እንደወጣ ሰው! እኔማ እልል ስል የላይኛው ፎቅ ሴትዮ እሳት የተነሳ መስሏት ባልዲ ውሃ ይዛ ወረደች። ውሃው ደረጃው ላይ ፈሰሰ፣ እሷም አብራኝ እልል አለች፣ ለምን እንደሆነ እንኳን ሳትጠይቅ።

ውድ የልጄ አለቃ፣

ይኸው ከሰላምታው በፊት ለፈለፍኩ። እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት ሲያንስ ነው። ደውለሽ ብትነግሪኝስ ትይ ይሆናል። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ይሄን አንቺም ታውቂያለሽ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

"አለቃ" ስልሽ አትሳቂ። እሱ ነው እንዲህ የሚልሽ። እኔን "እማ" ይለኛል። እማ የሚባል ሰው በየቤቱ ሞልቷል፤ አለቃ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ይሄ ነገር ስንት ጊዜ እንዳንገበገበኝ ብነግርሽ አታምኚኝም።

መቼም ዛሬ አፌ ተከፍቷል፣ ልናገረው። በአንቺ መቅናት አሁን አልጀመርኩም። ስምሽን በአፌ አላስገባም ነበር፣ "ያቺ" ነበር የምልሽ። "አባትህ እዚያ ያቺ ጋ ነው?" እላለሁ፣ ልጁም ማንን እንደሆነ ያውቃል። ባሌን አልወሰድሽብኝም፣ አልዋሽም። ተፋተን፣ ተገላገልኩ ብዬ ጮቤ ረግጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው አንቺ የመጣሽው። ግን የጣልኩትን ጫማ በሰው እግር ላይ አምሮ ሳየው ከፋኝ። ደሞ ሴት ሆነሽ የመስታወት ሱቅ ከፍተሽ፣ ጓንት አጥልቀሽ፣ ግዙፍ ግዙፍ ወንዶችን ስታዢ! ሰው ለምን እንደማልወድሽ ሲጠይቀኝ "እምነቷ ከእኛ ሌላ ነው" እል ነበር። ውሸቴን ነው። ስለ እምነትሽ ምን አውቄ! ያበገነኝ ወገብሽ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ በዓይኔ ለክቼዋለሁ።

እሺ፣ ወደ ልጁ ልመለስ። የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም አብሮ መቀነሱን አባቱ ነግሮሻል። እኔ ቤት ውስጥ የሆነውን ግን ማንም አልነገረሽም። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሲነሳ አበላዋለሁ። ሲበላ እያየሁት አለቅሳለሁ። ሳለቅስ ሲያየኝ ተመልሶ ይተኛል። እንዲህ ባለንበት ነው ልስልሱ የመጣው። ስሙን አልጠራውም፣ ድምፁ እንደ ሐር ስለሆነ ልስልሱ ነው የምለው። የኛኑ እምነት ስም ይዞ፣ ከጸሎት ቤታችን ወጣቶቹን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ቤት ተከራይቶ "ጥናት" የሚያደርግ ሰው ነው። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ በጠዋት ተነሳ፣ ሸሚዙን ተኮሰ። "ወዴት ነው?" ስለው "ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ቀድሜ መክፈት አለብኝ" አለኝ። የዚያን ቤት ቁልፍ ሰጥተውታል! ኪሱን እየነካካ ሲሄድ ብታዪው! እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ምግብ ስሰጠው ኖሬ፣ ሰውየው ቁልፍ ሰጥቶ ወሰደብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። ሬዲዮኔን ዘጋብኝ። ለላይኛው ፎቅ ሴትዮ ሰላምታ እንዳትሰጪ አለኝ፣ የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የስፌት ክፍሌ የቁም መስታወት የለም።

"መስታወቱ የት ሄደ?"

"አወጣሁት። መስታወት ሰውን ራሱን እንዲያመልክ ያደርገዋል።"

"ታዲያ ደንበኞቼ ቀሚሳቸውን በምን ይዩት?"

"ፈጣሪ ካየው ይበቃል።"

አንዷ ደንበኛዬ ቀሚሷን እንደለበሰች መሃል ክፍሉ ላይ ቆማ ይሄን ስትሰማ፣ "እኔ እኮ ለፈጣሪ አይደለም ያሰፋሁት፣ ለአማቴ ነው!" ብላ አውልቃ ሄደች። በኋላ ሳስበው ሳቄ መጣ። ያኔ ግን አልሳቅኩም፤ ልጄም አልሳቀም። የድሮው ልጄ ቢሆን ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። ያን ቀን ነው የፈራሁት። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ከነሱ ጋር ሊኖር ወጣ።

ምን እሠራ እንደነበር ልንገርሽ? ከዚያ ቤት ማዶ ቆሜ በመስኮት አየዋለሁ። ልስልሱ ያወራል፣ የኔ ልጅ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔን እንደዚያ አዳምጦኝ አያውቅም። ባሌ ወደ አንቺ ሲመጣ እንኳን እንደዚያ አልቀናሁም። የጸሎት ቤታችንን ሽማግሌ ለምኜ ላክኋቸው። ልጄ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ሲደረድርባቸው ላባቸውን እየጠረጉ ወጡና "ልጅሽ እኮ ጎበዝ ነው!" አሉኝ። ጎበዝ ነው እንዲሉኝ ነው እንዴ የላክኋቸው?

ከዚህ በኋላ ያለው ባንቺ ሱቅ የሆነ ነው፣ ታውቂዋለሽ። አንድ የማታውቂው ነገር ግን አለ፤ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያ ቀን ሱቅሽ የመጣው አባቱን ሊጠይቅ አልነበረም። ተልኮ ነው። ፊት ለፊትሽ ቆሞ "ከእምነቴ ውጭ ከሆነ ሰው ጋር ዝምድና የለኝም፣ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም" ብሎ ጀርባውን ሰጥቶሽ እንዲመለስ ነው የተላከው። ሁሉም ወጣት ለአንድ ዘመዱ እንዲህ ማለት ነበረበት፤ የነሱ ፈተና ይሄ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው መጣ። ሲደርስ ረዳትሽ ቀርቶ፣ አንቺ ቁመትሽን የሚያህል የመስኮት መስታወት ከመኪና አውርደሽ፣ ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቅቶሽ መንገዱ ዳር ተገትረሻል። ልጄ አፉን ከፈተ። አንቺ "ያዝ!" አልሽ።

ያዘ። ምን ያድርግ!

"እማ፣ መስታወት አብሮ የሚሸከም ሰው ማኩረፍ አይችልም" አለኝ። "ወደ አንተ፣ ቀስ፣ ደረጃ አለ፣ ቆይ እጄን ልቀይር ትለኛለች። ዓይኗን ካላየሁ ይሰበራል። ካላመንኳት እጄን ይቆርጠኛል።" ግድግዳው ላይ ስታስደግፉት ያ ሁሉ የተጠና ንግግር ጠፍቶበታል። አንቺ ደሞ ፊትሽን እንኳን ሳታዞሪ "ነገም አለ፣ በጠዋት ና፣ ጓንት አዘጋጅልሃለሁ" አልሽው። ለምን መጣህ አላልሽውም። አልተከራከርሽውም፣ አላለቀስሽበትም። እኔ ያደረግኩትን አንዱንም አላደረግሽም።

በማግስቱ ሄደ። ለነሱ "ነግሬያታለሁ" ብሎ ዋሸ። የተሸከማችሁት ሁሉ የናንተ ጸሎት ቤት መስኮት መሆኑን ሲያውቅ እንኳን አልቀረም። እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም፤ እኔ ማዶ ቆሜ የልስልሱን መስኮት እጠብቃለሁ።

ልስልሱ ደሞ ሌላ መስኮት ይጠብቅ ነበር። "በአዲስ መስታወት ሊኮሩብን ነው" አላቸው፤ በዚያው በሐር ድምፁ፣ ሳይጮህ። ልጆቹ ድንጋይ ይዘው በጠራራ ፀሐይ ወደ ጸሎት ቤታችሁ ወጡ። የኔም ልጅ አብሯቸው ወጣ። እሱንም አልደበቀኝም፣ እጁ ላይ ድንጋይ ነበር። "ቀና ብዬ ሳይ ከጥጉ የኔ አውራ ጣት አሻራ አለ" አለኝ። "አለቃ ጥረገው ብላኝ ረስቼው።" ድንጋዩን ጣለና እጆቹን ዘርግቶ መስኮቱ ፊት ቆመ። "ይሄን ያስገባሁት እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ አንዱ ወረወረ። አንድ መስታወት ረገፈ፣ ሁለተኛው ድንጋይ የልጄን ግንባር አገኘው። የራሳቸውን ሰው ደም ሲያዩ ተበታተኑ።

ልጄም ሮጠ። ወዴት? ወደ እናቱ? ቤቴ እኮ ይቀርብ ነበር! ወደ አንቺ ነው የሮጠው።

ሰው ነግሮኝ በነጠላ ጫማ፣ የልኬት ሜትሬ ከአንገቴ ሳይወርድ በረርኩ። የሱቅሽ በር መስታወት ነው፣ ሳይከፈት ሁሉን አየሁ። ወንበርሽ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩን በጥጥ ይዘሽለታል። የሆነ ነገር ትዪዋለሽ፣ እሱ ይስቃል። ይስቃል! ያን ሁሉ ወር አጥቼው የከረምኩትን ሳቅ ካንቺ ጋ አገኘሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያች ደቂቃ ልጄ ተርፏል ብዬ አላመሰገንኩም። በሩን በድንጋይ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። ቅናት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ያኔ እነዚያ ልጆች ትንሽ ገቡኝ።

ቀና ብለሽ አየሽኝና በክርንሽ በሩን ከፈትሽ። "እትዬ፣ ይግቡ እንጂ! እጄ ተይዟል፣ ይቺን ጥጥ ይያዙልኝ፣ ውሃ ላምጣ!" አልሽኝ። አንቱ ብለሽ ማስረጀትሽ ሳያንስ የገዛ ልጄን ግንባር አዋስሽኝ! ያዝኩ። ምን ላድርግ! እንደዚያ ስንቆይ "እማ፣ ሜትርሽ አንገትሽ ላይ ነው" አለኝ። ልጄ ካናገረኝ ስንት ጊዜው! አንቺ ደሞ ውሃውን ለማምጣት መቼም ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ሆን ብለሽ እንደቆየሽ ገብቶኛል። ለዚህም ቀናሁብሽ፤ እኔ ብሆን አልቆይም ነበር።

ከዚያማ ቁስሉ እስኪድን ካባቱ ጋ ይሁን ተባለ፣ እናንተ ጋ ከረመ። ምግብ በላክሁ ቁጥር ሳህኔ ታጥቦ፣ አብረቅርቆ ሲመጣልኝ፣ ከኔ የተሻለ ማጠቧን ልታሳየኝ ነው እያልኩ ስበግን ከረምኩ። ልስልሱ ሰፈሩን ለቆ ሄደ ይባላል። ልቤ ግን አላረፈም፤ አሁን ደሞ በሌላ ሰፈር የየትኛዋን እናት ልጅ ቁልፍ እያስያዘ ይሆን?

እና ዛሬ መጣ። ያ ከባድ ነገር በብርድ ልብሱ የተጠቀለለ የቁም መስታወት ነው። የስፌት ክፍሌ ግድግዳ ላይ፣ የድሮው ቦታ ላይ ሰቀለው። ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት፣ እንደ ጨርቅ ጠርዝ ልስልስ ብሏል።

"ማን ቆረጠው?"

"እኔ።"

"ማን አስተማረህ?"

"እያወቅሽ ትጠይቂያለሽ?"

"ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል" አልኩት። አላዘነበለም። ሳቀብኝ።

ድግስ አለ አልኩት፣ ሰው ሁሉ ይጠራል። እነማን አለኝ። የላይኛዋን ሴትዮ፣ ሽማግሌውን፣ ያቺን የአማቷን ቀሚስ ጥላ የሄደችውን ደንበኛዬን ሁሉ ቆጠርኩ። "እና?" አለኝ። አባትህን አልኩ። "እና?" አለኝ። "ከፈለገች ራሷ ትመጣለቻ፣ ማን ከለከላት?" አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠ። "እማ፣ የነዚያ ሰዎች ትምህርት የሚጀምረው ከምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ድንጋይ ውርወራ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የሚያስተምሩሽ ከማን ጋር እንደማትበዪ ነው። እኔ ቶሎ የገባኝ ለምን ይመስልሻል? ከልጅነቴ ሁለት ገበታ ላይ ነው የበላሁት።"

አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ፊቴን አዞርኩ፣ አዞርኩና መስታወቱ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ቀይ ሆኛለሁ፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። የት ትሄጃለሽ ከዚህ! ጥሩ አድርጎ ነው የቆረጠው፣ ሁሉንም ያሳያል።

ስለዚህ ይኸው እየጠራሁሽ ነው። ልጁ ስላዘዘኝ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ግማሹ ከኔ ነው፣ ግማሹም ቢሆን ብዙ ነው። የማትበሉትን ጠይቄዋለሁ፣ አንድም አይገባበትም፤ ድስቱም አዲስ ነው። እናትሽን ይዘሻት ነይ። ያ የረገፈው መስኮት እንደተተካ ሰምቻለሁ፣ ከጸሎት ቤታችሁም ሰዎች ይምጡ። ከጓደኞቹ አንዱ፣ ድንጋዩን የወረወረው ራሱ፣ ሁለት ቀን በራፍሽ ላይ ሲዞር እንደነበር ልጄ ነግሮኛል፤ እሱንም የሚሸከመው ነገር አስይዘሽ አምጪው። በመቀመጫ ነገር ካንቺ ጋር አልስማማም፦ ልጁ ከኔ ጎን ነው የሚቀመጠው። ... እሺ፣ ሌላኛው ጎኑ ያንቺ ይሁን። ግን መጀመሪያ የማጎርሰው እኔ ነኝ!

ደሞ ወገብሽን ሳልለካ እንዳትሄጂ። ቀሚስ ልሰፋልሽ ነው። በአዲሱ መስታወት ፊት ቆመሽ ታዪዋለሽ፣ እኔ ደሞ ከኋላሽ ቆሜ እቀናለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፣ የልጃችን እናት

የፊታችን እሁድ፣ ሰባት ሰዓት ላይ። ሁላችሁም! እሁድ!