በአንድ ትንፋሽ ላልተባለው ቃል

ለተከበሩ ዶክተር ክሳቬሪ ዶማንስኪ
የንግግር ሕክምና መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሉብሊን

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በተሟላ አንደበት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። አንደበት ሲታጣ ምን እንደሚመስል በጎረቤቴ በወይዘሮ ሌዎካድያ ስላየሁ፣ ምኞቴ ለወጉ ያህል አይደለም።

ወይዘሮ ሌዎካድያ የመንገዳችንን ሴቶች ፀጉር ሲሠሩ የኖሩ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከቄሱ ቀድመው የሚሰሙ ሴት ናቸው። አምና ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ምላሳቸው ተያዘ። ባለቤታቸው አቶ ዜኖን ደግሞ ዐይነ ስውር ናቸው። በምልክት እንዳይግባቡ ባል አያዩም፤ በቃል እንዳይግባቡ ሚስት አይናገሩም። ደግነቱ ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒክ እየሄዱ፣ ሁላችንም አንደኛ ክፍል እንደተማርነው፣ ቃሉን ቆራርጠው ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንዴ እያጨበጨቡ መናገር ጀመሩ። አቶ ዜኖን ጭብጨባውን ሲሰሙ፣ «መጣሽልኝ፤ ቀጥይ እንጂ» ይላሉ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሰምቻለሁ፣ ይቅርታም አልጠይቅም።

ከዚያ የሐሙሱ ሕክምና ይቀጥል ወይስ ይቁም ብሎ የሚወስነው የእርስዎ ኮሚቴ ደረሰ፤ ለፈተናው ይዣቸው የመጣሁት እኔ ስለሆንሁ ጥግ ተቀምጬ አይቻለሁ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ስለ መረጡት ቃል። ቋንቋችን ፖላንድኛ «የዘጠና ዘጠኝ ዓመት» ለማለት ቁጥሩንና ዓመቱን እንደ ባቡር ፉርጎ ቀጣጥሎ አንድ ቅጽል ያደርገዋል፦ ጄ-ቭዬንች-ጄ-ሼን-ቾ-ጄ-ቭዬን-ቾ-ሌት-ኒ። ጤነኛ ሰው ከሁለት መለኪያ በኋላ የማይደፍረውን ይህን ቃል፣ ምላሳቸው የተያዘ ሴት በአንድ ትንፋሽ እንዲሉት ማዘዝዎ ታላቅ ጥበብ ነው። እግዜር ይስጥልን።

፪. ስለ እጃቸው። ማጨብጨብ ሲጀምሩ መርማሪዎ፣ «አያቴ፣ እጅ ጠረጴዛ ላይ። እዚህ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም» አላቸው። እርስዎም ፈገግ አሉ። ገበያ ላይ ድንች የምትሸጠው እንኳ የማታውቃትን ሴት «አያቴ» አትልም፤ «ፓኒ»፣ እመቤት፣ ብላ በክብር ትጠራለች። ወይዘሮ ሌዎካድያ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቃሉም ሦስተኛው ፉርጎ ላይ ቆመ።

፫. ስለ ውሳኔዎ። «መሻሻል የማይችሉ» ብለው የሐሙሱን ቦታ ነጠቋቸው። ያንኑ ቃል ከፈተናው በፊት ደረጃው ላይ እያጨበጨቡ እስከ ጅራቱ ብለውልኝ ነበር። ለመሆኑ የመረመራችሁት ምላስ ነው ወይስ ታዛዥነት? በዚህ የጋዜጣ ዓምድ ብዙ የሚያስጠላ ነገር ጽፌአለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ጽፌ አላውቅም። አሁን ከግድግዳው ማዶ የሚሰማኝ የአቶ ዜኖን ድምፅ ብቻ ነው፦ «ሌዎካድያ፣ እዚያ ነሽ?» ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን ለማንሳት ግን አፍረዋል።

ለክቡርነትዎ የመስኮት መጋረጃ ያህል እንኳ እንደማልታይ እያወቅሁ፣ አክባሪዎ ሆኜ ለመቆየት ከራሴ ጋር የምታገለው፣

ሄንሪካ ሶስኖቭስካ
የዚህ ዓምድ ጸሐፊ

ከፊርማ በኋላ፦ ውሳኔያችሁን የሚቃወም ሰው ይግባኙን ራሱ ቀርቦ፣ በቃል ብቻ ያሰማ የሚለው ደንባችሁ ደርሶናል። እንደዚህ ያለ ደንብ ምላሳቸው ለተያዘ ሕሙማን ያወጣው ሰው ምን እንደበላ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ለወይዘሮ ሌዎካድያ ሳነብላቸው እጃቸውን ከጭናቸው አነሡና «እ-ሄ-ዳ-ለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ሰኞ ጧት እንመጣለን፤ አቶ ዜኖንም ሊያዳምጡ ይመጣሉ። እባክዎ ሌላ ቀጠሮ አይያዙ። የሚነግሩዎት ብዙ ነው፣ እያንዳንዷንም ቃል ቆራርጠው ነው የሚያጎርሱዎት።